የአለቃ ተያዥ ማን ነው?

በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ስለሚኖር መተማመን የቀረበ ትምህርት



ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ በሚይዙበት ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። በፈረስ መጋላ ሱቅ የሚሸጡ፣ ጋራዥ የገቡ፣ በሆቴል የሚያስተናግዱ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ጥቂቶችም የራሳቸውን ሥራ ከፍተው አንድና ሁለት ሰው ቀጥረዋል። እንግዲህ እኛ ሠራተኞችም አሠሪዎችም ነን ማለት ነው። ሥራ ከተገኘ በኋላ በሁለቱም ወገን ልብ ውስጥ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህን ሰው ላምነው እችላለሁን?» የሚል ነው። ዛሬ ይህን ጥያቄ ከቅርባችን ምሳሌ እየወሰድን አብረን እንመረምራለን።

1. ሦስት ቃላት

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው ከቃሉ እንነሣ። ቋንቋችን ከአንድ ሥር ሦስት ቃላት ያወጣልናል፤ ማመን፣ መታመን፣ መተማመን። ማመን የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ አለቃው ቁልፉን ለሠራተኛው ሲሰጥ አመነ ይባላል። መታመን ደግሞ የተቀባዩ ሥራ ነው፤ ሠራተኛው ቁልፉን በአግባቡ ጠብቆ ሲመልስ ታመነ ይባላል። መተማመን ግን አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው የማይቻል ነገር ነው። መጨቃጨቅ ሁለት ሰው እንደሚፈልግ ሁሉ መተማመንም ሁለት ሰው ይፈልጋል።

በብዙ የሥራ ቦታ የሚታየው ጉድለት ከዚህ ላይ ይጀምራል። አለቆች ሠራተኛውን «ታማኝ ሁን» ይሉታል፤ ታማኝነትም ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ግብር ይመስላቸዋል። ሠራተኞችም በበኩላቸው «እኔ ምን አገባኝ፣ ቤቱ የእርሱ ነው» ይላሉ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ስለ መታመን እየተናገሩ መተማመን ከመካከላቸው ይጠፋል።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር «አደራ» የሚል ከባድ ቃል አላቸው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። «አደራ በላ» ከሚለው ስድብ የከፋ ስድብም ብዙ የለንም። በአንጻሩ ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ሌላ ተረትም በመካከላችን ይኖራል። በአንድ አፍ ሁለቱን ተረት የሚናገር ሕዝብ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት። ወጣቶች ሥራ በገባን በመጀመሪያው ወር የምንመርጠው ይህንኑ ነው።

2. ተያዥ አምጣ

በአገራችን ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ወይም ሱቅ ሻጭ ሆኖ ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ነገር «ተያዥ አምጣ» የሚል ነው። ተያዡ ደመወዝተኛ ወይም ንብረት ያለው ሰው ይሆናል፤ ሠራተኛው ቢያጠፋ እርሱ ይከፍላል። ይህ ልማድ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ዕጣ የወጣለት ዕቁብተኛ ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። የማናውቀውን ሰው በምናውቀው ሰው በኩል እናምነዋለን፤ ይህም ጥሩ ጥበብ ነው።

ሆኖም ጉዳትም አለው። ከገጠር መጥቶ በከተማችን ዘመድ የሌለው ልጅ እጁ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ተያዥ በማጣት ብቻ ከበር ይመለሳል። ተያዥ ያለው ደግሞ ጠባዩ ሳይመረመር ይገባል። ስለዚህ ተያዥ የመተማመን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ ሊሆን አይችልም።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ልብ እንበል። ተያዥ የሚያመጣው ሠራተኛው ብቻ ነው። አለቃው ደመወዙን በጊዜው እንደሚከፍል፣ የገባውን ቃል እንደማያጥፍ፣ ሠራተኛውን ያለ ጥፋቱ እንደማይከስስ ማን ተያዥ ሆኖለት ያውቃል? ማንም። ሠራተኛው የወር ጉልበቱን አስቀድሞ ይሰጣል፤ ደመወዙን የሚቀበለው በወሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ በየወሩ ያበደረው ሠራተኛው ነው ማለት ይቻላል። ቅዱስ ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተከለከለ ደመወዝ ወደ ሰማይ እንደሚጮህ የሚያስጠነቅቀው ይህን ብድር ለሚያስቀሩ ባለጸጎች ነው። የአለቃ ተያዥ ቃሉና መዝገቡ ብቻ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ተያዥ የለውም።

3. ከከተማችን ታሪክ አንድ ምሳሌ

በጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘውን ቤት የማያውቅ የለም። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በባለቅኔነቱ በዓለም የታወቀ ነው። ወደ ሐረር የመጣው ግን ቅኔ ሊጽፍ ሳይሆን የንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ነው። ታሪኩን ከዚህ በኩል ስናየው ለርእሳችን የሚሆን ትምህርት እናገኝበታለን።

በ1880 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ባርዴ የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ በየመን ወደብ በኤደን ይነግድ ነበር። ራምቦን በዚያው ዓመት ቀጠረውና በሐረር ወደከፈተው ቅርንጫፍ ላከው። ሐረር በዚያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። ከባሕር ወዲህ ከዘይላ እስከ ሐረር ያለው መንገድ በፈረስ 20 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። ስልክ የለም፤ ባቡርም ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ቡናና ቆዳ የሚገዛበትን ገንዘብ ለሩቅ ሠራተኛ አስይዞ የሚልክ አለቃ በዓይኑ ሊቆጣጠረው አይችልም። ማመን ግድ ይሆንበታል።

ባርዴና ሽርካዎቹ ግን በባዶ እምነት አልላኩትም። ውሉ በጽሑፍ ነበር። ደመወዙ በዓመት 1,800 ሩፒ ሲሆን ምግብና ማረፊያ ተጨምሮለታል፤ ከዚህም ሌላ ከሐረር ቅርንጫፍ ትርፍ አንድ በመቶ እንዲያገኝ ተጽፎለታል። ይህች አንድ በመቶ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን «ቤቱ ሲያገኝ አንተም ታገኛለህ» የምትል ቃል ናት።

ሁለተኛው ትምህርት በ1883 እ.ኤ.አ. የሆነው ነው። የቅርንጫፉ ባልደረባ ግሪካዊው ሶቲሮ ወደ ኦጋዴን ዘልቆ ስለ አገሩ ብዙ ነገር መርምሮ ተመለሰ። ራምቦ ያንን መረጃ ይዞ ዘገባ ሲጽፍ የሶቲሮን ስም አላስቀረም። ባርዴም ዘገባውን በፓሪስ ለሚገኘው የጂኦግራፊ ማኅበር ሲያስተላልፍ የራሱ ሥራ አላደረገውም፤ በ1884 እ.ኤ.አ. በራምቦ ስም ታተመ። ከላይ እስከ ታች ማንም የሌላውን ድካም አልወሰደም። በየመሥሪያ ቤታችን ግን የበታቹ ያዘጋጀው ሪፖርት በአለቃው ስም ብቻ ሲቀርብ ስንት ጊዜ እንሰማለን! የሰውን ድካም መውሰድ ከካዝና ገንዘብ ከመውሰድ በምን ይሻላል?

ሦስተኛው ትምህርት የመለያየት ነው። ራምቦና ባርዴ በ1885 እ.ኤ.አ. በኤደን ተጣሉ፤ ራምቦም ሥራውን ትቶ ሄደ። ጠቡ ከባድ ነበር። ሆኖም ባርዴ በጥቅምት ወር ለራምቦ የሥራ ምስክር ወረቀት ጻፈለት፤ አገልግሎቱንና ታማኝነቱን አመሰገነ፤ ከእርሱ ጋር ካለው ግዴታ ሁሉ ነጻ መሆኑንም ገለጠ። ተጣልቶ ሳለ ስለተጣላው ሰው እውነቱን የሚጽፍ አለቃ ለሚቀሩት ሠራተኞችም ዋስትና ይሰጣል። ዛሬም በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። ተቆጥቶ ወረቀት የሚከለክል አለቃ ሕግንም ይተላለፋል፤ የወጣቱንም መንገድ ይዘጋል።

4. የጠፋ ገንዘብና የጠፋ ስም

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። ከማኅበራችን እኅቶች አንዷ በከተማችን ባለ አንድ ሱቅ ትሠራ ነበር፤ የሱቁን ስም አንጠቅስም። አንድ ቀን ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 1,200 ብር ጎደለ። ባለቤቱ ብዙ ሳይመረምር ለሦስቱ ሠራተኞች አካፈለና ከእያንዳንዳቸው ደመወዝ 400 ብር ቆረጠ። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ገንዘቡ እንዳልተሰረቀ ታወቀ። የባለቤቱ ዘመድ በዱቤ የወሰደው ዕቃ በመዝገብ ሳይጻፍ ቀርቶ ኖሯል። ባለቤቱ 400 ብሩን በፖስታ አድርጎ ለእያንዳንዳቸው መለሰ፤ አንድ ቃል ግን አልተናገረም። እኅታችን ስትነግረን «ገንዘቡ ተመለሰልኝ፤ ስሜ ግን አልተመለሰልኝም» አለች። ብዙ ሳይቆይ ከሦስቱ ሁለቱ ሥራውን ለቀቁ።

እዚህ ላይ ምን ጎደለ? የ1,200 ብሩ ጉድለት በመዝገብ ተገኝቷል። የማይገኘው ሌላ ነው። በመጀመሪያ ባለቤቱ ሦስቱን በአንድነት ሲቀጣ ንጹሑንና ጥፋተኛውን አልለየም፤ ስለዚህ ንጹሕ መሆን ጥቅም እንደሌለው አስተማራቸው። ሁለተኛ፣ ስሕተቱ ሲታወቅ «ተሳስቻለሁ» አላለም። ሕጉም ቢሆን ይህን አይፈቅድለትም። በአዋጁ አንቀጽ 59 መሠረት በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። በእነዚህም መንገዶች ቢሆን በማናቸውም ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ይህን አንቀጽ ከእኛ ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። መዝገብ የጥርጣሬ ምልክት አይደለም። አንዳንድ አለቆች «እናንተን አምናችኋለሁ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ነገሩ ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን ጉድለት በመጣ ቀን ወረቀት የሌለው ሠራተኛ የሚከላከልበት የለውም። በመንግሥት ግምጃ ቤት ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ የሚሆነው ንብረት ጠባቂው ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ ሌባ አለመሆኑ እንዲታወቅለት ነው። ርክክብ በፊርማ ሲሆን፣ ቆጠራ በሁለት ሰው ሲደረግ፣ እምነት መሠረት ያገኛል። በቡና መጋዘን በኪሎ የሚከፈላቸው ለቃሚ ሴቶችም ሚዛኑን በዓይናቸው እያዩ ሲመዘንላቸው ልባቸው ያርፋል። ሚዛኑ ትክክል ሆኖ እንኳ ከተሰወረባቸው ግን ይጠራጠራሉ።

5. ባለቤት ሲለወጥ

በከተማችን ከሚታወቁ ትልልቅ የሥራ ቦታዎች አንዱ የሐረር ቢራ ፋብሪካ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት እጅ ቆየ። በከተማችን ላይ ከተቀመጠው ከሐኪም ተራራ ስም የወጣለት ቢራም፣ አልኮል የሌለው የሶፊ ብቅል መጠጥም ከዚሁ የወጡ ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. መንግሥት ይህን ፋብሪካ ከበደሌ ቢራ ጋር ለሆላንዱ ለሄኒከን ኩባንያ ሸጠ፤ የሁለቱ ዋጋ በድምሩ 163 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

አንድ ፋብሪካ ሲሸጥ ማሽኑ፣ ሕንጻው፣ የንግድ ስሙ በሰነድ ይተላለፋል። በሰነድ የማይተላለፈው አንድ ነገር በሠራተኛውና በአለቃው መካከል የነበረው መተማመን ነው። 20 ዓመት የሠራ ሰው ጠባዩን የሚያውቀው አለቃ ሄዶ ቋንቋውን የማያውቅ አለቃ ይመጣበታል። እርሱም «ያ ሁሉ ዘመኔ ተቆጥሮልኛል ወይስ ዛሬ እንደ አዲስ ተቀጠርሁ?» ብሎ ይጨነቃል። ሕጉ በዚህ ረገድ ሠራተኛውን ይደግፋል፤ ድርጅት ከባለቤት ወደ ባለቤት ቢተላለፍ በዚህ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም። ነገር ግን በሕግ መጻፉና በሠራተኛው ልብ መታወቁ ልዩ ልዩ ነገር ነው። ማንኛውም ድርጅት፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲያጋጥመው አለቃው ወሬ ከመቅደሙ በፊት ሠራተኛውን ሰብስቦ የሚያውቀውን ሊነግረው፣ ያልተወሰነውንም «አልተወሰነም» ሊለው ይገባል። አለቃ ዝም ባለበት ቦታ ወሬ አለቃ ይሆናል።

6. ከሩቅም ከቅርብም

የጃፓኑን የቶዮታ ኩባንያ መኪኖች በመንገዳችን ሁሉ እናያቸዋለን። ይህ ኩባንያ በ1950 እ.ኤ.አ. ሊወድቅ ደርሶ ነበር። ሠራተኞቹ የደመወዝ ቅነሳ ሲቀበሉ ኩባንያው ሰው እንደማያሰናብት ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ብዙ ሠራተኞች እንዲለቁ ጠየቀ። ሠራተኛው አድማ መታ። በመጨረሻ የኩባንያው መሥራችና ፕሬዚዳንት ኪኢቺሮ ቶዮዳ ኃላፊነቱን ወስዶ ከሥልጣኑ ወረደ። ሠራተኞች ሲለቁ እርሱ በወንበሩ ተደላድሎ አልቀረም። ከ12 ዓመት በኋላ በ1962 እ.ኤ.አ. አስተዳደሩና የሠራተኛ ማኅበሩ ግንኙነታቸው በእርስ በርስ መተማመን ላይ እንዲቆም የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ዛሬ በዚያ ፋብሪካ ተራ ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ መላውን የሥራ መስመር ሊያስቆም ይችላል። ቁልፍ ከመስጠት የበለጠ እምነት ነው። ነገር ግን ዓመታት እንደወሰደ አንርሳ፤ በአንድ ቀን የተሰበረ ቃል በአንድ ቀን አይጠገንም።

ከአገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድን እንውሰድ። በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ነበር፤ አብራሪዎቹም ኃላፊዎቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ዓላማው ግን ኢትዮጵያውያን ሠልጥነው እንዲረከቡ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመንገደኛ አውሮፕላን በአዛዥነት ያበረረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከዚህ የምንማረው እምነት በደረጃ እንደሚሰጥ ነው። መጀመሪያ መፍቻ፣ ቀጥሎ ሞተር፣ ቀጥሎ መሪ፣ በመጨረሻም ድርጅቱ ይሰጣል። በአንድ ቀን ሁሉን አሳልፎ መስጠት ሞኝነት ነው፤ ለዘለዓለም ምንም አለመስጠት ደግሞ ንፍገት ነው።

7. እኛስ ምን እናድርግ?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለውን የመክሊት ምሳሌ ሁላችን ተምረነዋል። ጌታው ለእያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ሰጥቶ ሄደ። ሦስተኛው አገልጋይ መክሊቱን የቀበረው ጌታዬ ጨካኝ ነው ብሎ ስለፈራ እንደሆነ ራሱ ተናገረ። ይህ ለሰነፉ ማመካኛ አይሆነውም፤ እርሱ ተወቅሷል። ሆኖም ለአለቆች የሚሆን ነገር እናገኝበታለን። ፍርሃት በነገሠበት መሥሪያ ቤት ብዙ መክሊት ይቀበራል። ሠራተኛው የሚያውቀውን አይናገርም፤ ማሽኑ ሲበላሽ እያየ «እኔ ነኝ የምባለው» ብሎ ዝም ይላል።

ሠራተኞች የሆንን እነዚህን እንያዝ፤ ሥራ ስንጀምር ውላችንን በጽሑፍ እንጠይቅ፤ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የያዘ ፊርማ ያለበት ወረቀት መስጠት እንዳለበት እንወቅ። ስሕተት ስናይ ሳይውል ሳያድር እንናገር። የሰዓትም አደራ አለና በሰዓቱ እንግባ። ባልደረባ ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ ዝም አንበል፤ 10 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻልም እንወቅ።

አሠሪዎች የሆንን ደግሞ ደመወዝ በቀኑ እንክፈል፤ ካልተቻለም ቀኑ ከመድረሱ በፊት እንናገር። በሰው ፊት አናዋርድ፤ የሠራውን በሰው ፊት እናመስግን። የራሳችንና የዘመዶቻችን ዱቤ በዚያው መዝገብ ይጻፍ። ተያዥ የሌለውን ልጅ ወዲያው ከመመለስ ትንሽ አደራ ሰጥተን እንፈትነው። ስንሳሳት «ተሳስቻለሁ» እንበል፤ ይህች ቃል ሥልጣን አታጎድልም።

መደምደሚያ

በጥንት ዘመን የጀጎል አምስት በሮች ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ከተማው ሁሉ ተኝቶ የሚያድረው በሩን በዘጋው ሰው ላይ ተማምኖ ነው። በር ጠባቂውም ቀለቡንና ክብሩን እንደማያጣ በከተማው ላይ ይተማመናል። ሥራ ሁሉ ከዚህ የተለየ አይደለም። በጠቢብነት የበለጠ ሠራተኛ፣ በገንዘብ የበለጠ ድርጅት ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱ ካልተማመኑ ግን አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሌሊቱ ይነጋል። ኃይል ያለው አስቀድሞ ይጀምር፤ የተቀበለውም አደራውን ይጠብቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማመን፣ በመታመንና በመተማመን መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከሥራ ቦታችሁ ምሳሌ ስጡ።
2. ከላይ በተጠቀሰው ሱቅ ባለቤቱ ገንዘቡን በመለሰ ቀን ምን ማለት ነበረበት? ሠራተኞቹስ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር?
3. ተያዥ ለሌለው ወጣት ማኅበራችን ምን ሊያደርግለት ይችላል?
4. እናንተ አለቃ ብትሆኑ ለሠራተኛችሁ የምታቀርቡት የራሳችሁ «ተያዥ» ምን ይሆናል?